አሮጌ ፊልምና የወዳጆች አንድምታ

በመጻሕፍት ቤት ያደጉ ሁሉ እንደሚያውቁት፣ አንድ የግእዝ ኃይለ ቃል በተነበበ ጊዜ መምህሩ በመጀመሪያ ነጠላ ትርጉሙን ይሰጣል፤ ከዚያም «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ፍች ያመጣል፤ ሁለተኛውን በፈጸመ ጊዜ እንደ ገና «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያስከትላል፤ ደቀ መዛሙርቱም ከሦስቱ አንዱን መርጠው ሁለቱን እንዲጥሉ ሳይገደዱ፣ ሦስቱንም በልቡናቸው አኑረው፣ አንድ ቃል ለልዩ ልዩ ሰው በልዩ ልዩ ዘመን ልዩ ልዩ ብርሃን እንደሚሰጥ እየተረዱ ያድጋሉ። ይህን የትርጓሜ ሥርዓት አበው አንድምታ ብለውታል።

ስለ ሲኒማ፣ ይልቁንም ሰባ ዓመት ስላለፋቸው የጥቁርና ነጭ ፊልሞች ለመጻፍ ብዕሬን ባነሣሁ ጊዜ ነገሬን ከአበው ጉባኤ የጀመርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አያቶቻችን በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያውን የሲኒማ አዳራሽ «የሰይጣን ቤት» ብለው ሰይመውት እንደ ነበር እየታወቀ፣ ይህን ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ ከመጻሕፍት ትርጓሜ ጋር ማስተያየት ድፍረት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከወዳጆቼ ጋር ተቀምጬ ባሳለፍኋቸው ብዙ ምሽቶች የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ታላቅ ፊልም በመጋረጃው ላይ ተጀምሮ በተመልካቾቹ አፍ እንደሚተረጎም፣ በተመልካቾቹም ኑሮ እንደሚፈጸም ነው፤ የዚህም ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

አምስት ነን። አንደኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ ያረፉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው መምህር ናቸው፤ ሁለተኛው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነው፤ ሦስተኛዋ ለብዙ ዘመን በሽተኛ ስታስታምም የኖረች ነርስ ናት፤ አራተኛው ሃያ ዓመት ያህል በዋሽንግተን ኖሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ወዳጃችን ነው፤ አምስተኛው ይህን የሚጽፈው ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ማታ ከአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ቡናው ይቀርባል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ፊልሙ ይታያል፤ መብራቱ ከበራ በኋላ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ማንም ከመቀመጫው አይነሣም። ሕጋችን ይኸው ብቻ ነው። ያወጡልንም ጋሼ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም ከአምባሳደር ወጥተው ወደ ሰፈራቸው በእግር ሲመለሱ ከጓደኞቻቸው ጋር ያደርጉት የነበረው ክርክር ከፊልሙ ይልቅ ይረዝም እንደ ነበር፣ ከፊልሙም ይልቅ በልባቸው ታትሞ እንደ ቀረ ደጋግመው ያጫውቱናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ያከራከረን ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 ያዘጋጀው «የብስክሌት ሌቦች» የተባለው የኢጣልያ ፊልም ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምጠራቸው የፊልሞች ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ነገሩ ሲነገር አጭር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሥራ በጠፋባት ሮማ፣ አንቶኒዮ ሪቺ የሚባል የልጆች አባት ማስታወቂያ በግድግዳ ላይ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ለሌለው አይሰጥም፤ የእርሱ ብስክሌት ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ ማሪያ የአልጋቸውን አንሶላ ገፍፋ ታስይዛለች፤ በዚያም የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ የእነርሱን ጥቅልል በሌሎች ድሆች አንሶላ ላይ ለማኖር፣ እንደ ግንብ ከፍ ብሎ በተሠራው መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ሲታይ፣ ያንዲት ቤት ችግር የከተማው ሁሉ ችግር መሆኑ ያለ አንድ ቃል ይገለጣል። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ብስክሌቱ ይሰረቃል። አባትና ትንሹ ልጁ ብሩኖ ከገበያ ገበያ፣ ከመንደር መንደር ሲያስሱ ይውላሉ፤ በመጨረሻም ተስፋ የቆረጠው አባት ራሱ የሰው ብስክሌት ሰርቆ ሲያመልጥ በልጁ ፊት ይያዛል። ባለንብረቱ የሕፃኑን ሁኔታ አይቶ ይለቀዋል፤ አባትየው ያለቅሳል፤ ልጁም እጁን በአባቱ እጅ ውስጥ ያገባል፤ ሁለቱም በሚተመው ሕዝብ መካከል ገብተው ከዐይናችን ይሰወራሉ።

ስለዚህች ስለ መጨረሻዋ የእጅ መያያዝ ስንከራከር ከአቦል ተነሥተን በረካ ደረስን። ነርሷ እኅታችን፣ «ልጁ አባቱን ይቅር ማለቱ ነው፤ ሕፃን ሲምር ቃል አያበዛም» አለች። የክፍል ኃላፊው ወዳጃችን ይህን አልተቀበለም፤ በእርሱ አስተያየት ብሩኖ በዚያች ሰዓት አባት የሚለውን ታላቅ ስም አጥቶ አንድ ምስኪን ሰው አግኝቷል፤ ከእንግዲህ ወዲያ ጠባቂው ልጁ፣ ተጠባቂው አባቱ ነው። ጋሼ በበኩላቸው ከርእሱ ጀመሩ። «አንድ ብስክሌት ጠፍቶ ስለምን ሌቦች ተባለ?» ብለው ጠየቁንና እንደ መጻሕፍት መምህር ራሳቸው መለሱልን፤ አንድም ሌቦች የተባሉት አስቀድሞ የሰረቀው ጎልማሳና ኋላ የሰረቀው አንቶኒዮ ናቸው፤ አንድም የሠራተኛን ጉልበት ያለ ሥራ፣ የቤተ ሰብን አልጋ ያለ አንሶላ ያስቀረው ሥርዓት ነው፤ አንድም እኛው ነን፣ አንቶኒዮ የሰው ንብረት ይዞ ሲሮጥ በልባችን «አምልጥ! አምልጥ!» ያልን ተመልካቾች። ይህን ሦስተኛውን በሰማን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን፤ ዕውነት ነበርና።

በዚያች ማታ ግን ከክርክሩ ሁሉ በላይ በልቤ የቀረው ጋሼ በስንብት ሰዓት የተናገሩት ነው። አባታቸው በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ከአርበኞች ጋር በዱር በገደል የኖሩ ናቸው፤ ስለዚህ ጋሼ ሮማ የሚለውን ስም ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት የአውሮፕላንና የመርዝ ጢስ መነሻ አድርገው ነበር። ይህ ፊልም የተሠራው ጠላት ከአዲስ አበባ በወጣ በሰባተኛው ዓመት ነው። «አባቴን ይወጋ ዘንድ ልጁን የላከ ሰው ቤቱ ሲገባ አንሶላ የሚያስይዝ ድኻ እንደ ሆነ አላውቅም ነበር» አሉን። ይህን ሲሉ የአባታቸውን ደም መርሳታቸው አልነበረም፤ የበደለውን መንግሥትና የተራበውን ሕዝብ ለይተው ማየታቸው ነበር። አንድ የታሪክ መምህር ከሰባ ዓመት ዕድሜያቸው በኋላ፣ አንቶኒዮን ሆኖ ከተጫወተው፣ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ ካልነበረው ከላምበርቶ ማጆራኒ ፊት ላይ፣ በመጻሕፍት ያላገኙትን አንድ ነገር አነበቡ።

በሌላ ወር ያየነው ያሱጂሮ ኦዙ በ1953 ያዘጋጀውን «የቶክዮ ታሪክ» የሚባለውን የጃፓን ፊልም ነው። ኦኖሚቺ ከምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ የተነሡ ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት በታላቂቱ ከተማ የሚኖሩ ልጆቻቸውን ለማየት ይመጣሉ። ሐኪሙ የበኩር ልጃቸው በሽተኛ ይጠራዋል፤ የሴቶች ጠጉር ሥራ ቤት ያላት ሴት ልጃቸው ጊዜ የላትም፤ በመጨረሻም ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ወላጆቻቸውን ወደ አንድ የፍል ውኃ መዝናኛ ይሰድዷቸዋል፤ በዚያም የወጣቶች ሁካታ ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሣቸዋል። ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ከተማዋን የምታሳያቸው፣ በጠባብ ክፍሏም የምታስተናግዳቸው በጦርነት የሞተው የሁለተኛው ልጃቸው ሚስት የነበረችው ኖሪኮ ብቻ ናት። አረጋውያኑ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ እናት ታርፋለች፤ ልጆቹ መጥተው ይቀብሯታል፤ ሴት ልጇም የቀብሩ ዕለት የእናቷን ልብስ ለመታሰቢያ ጠይቃ ትሄዳለች። በፊልሙ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚቆጣ እምብዛም የለም፤ ካሜራው እንኳ ከወለሉ ብዙም ከፍ ሳይል፣ በእኛ ቤት በበርጩማ ላይ ተቀምጦ እንደሚያይ ሰው፣ በአርምሞ ይመለከታል።

መብራቱ በበራ ጊዜ ከዋሽንግተን የተመለሰው ወዳጃችን ዐይኑን ከመሬት አላነሣም። ብዙ ቆይቶ፣ «እኔ ሐኪሙ ልጅ ነኝ» አለ። ከብዙ ዓመት በፊት እናቱን ወደ አሜሪካ አስመጥቷቸው ነበር፤ እርሱ ቀን በመኪና ማቆሚያ፣ ማታ በታክሲ ሥራ ሲባዝን፣ እናቱ «ቡና ጠጡ» የሚል ጎረቤት በሌለበት ፎቅ ቤት ከመስኮት አጠገብ ተቀምጠው መንገድ ሲመለከቱ ይውሉ ነበር። በአምስተኛው ወር፣ «ልጄ፣ ወደ አገሬ መልሰኝ» አሉት። «ብርዱን የጠሉ መሰለኝ፤ ወፍራም ካፖርት ገዝቼ ሰደድኋቸው» አለን። ይህን ነገር ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር። ነርሷ እኅታችን ያን ጊዜ የተናገረችው ቃል ከምክር ይልቅ መድኃኒት ነበር፤ «በዚህ ፊልም ውስጥ ክፉ ልጅ አላየሁም፤ ሁሉም የሚሯሯጠው ለእንጀራው ነው፤ ደጓ ኖሪኮ እንኳ በመጨረሻ ለአማቷ፣ ባሌን ሳላስብ የምውልበት ቀን አለ፣ እንደምታስቡኝ ደግ አይደለሁም ብላ ትናዘዛለች። ኑሮ ያለያየውን ሁሉ ክፋት ነው አትበል፤ ነገር ግን ደግነትም ነው አትበል» አለችው።

እንግዲህ በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት፣ በቤይሩት፣ በቴል አቪቭ ከሚኖሩት ልጆቻችን መካከል ይህ የኦዙ ፊልም የራሱ ቤት ታሪክ የማይሆንበት ስንቱ ነው? እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጦ እናቱን ከገጠር አስመጥቶ ከቴሌቪዥን ፊት የሚያስቀምጠውስ ስንቱ ነው? ጃፓናዊው ኦዙ ስለ እኛ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ስለ አንዲት የጃፓን ቤተ ሰብ ግን ፈጽሞ ዕውነት ስለ ተናገረ ነገሩ ከእኛ ደጃፍ ደረሰ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይልቅ ያስጨነቀን አኪራ ኩሮሳዋ በ1952 ያዘጋጀው «ኢኪሩ» የተባለው የጃፓን ፊልም ነው፤ ትርጉሙ «መኖር» ማለት ነው። ታካሺ ሺሙራ የሚጫወተው ዋታናቤ በአንድ ማዘጋጃ ቤት የክፍል ሹም ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ከወረቀት ላይ ማኅተም ከማኖር በቀር የሠራው አንድም ነገር የለም። የሰፈር እናቶች ቆሻሻ ውኃ የተኛበትን ቦታ አድርቃችሁ ለልጆቻችን መጫወቻ አድርጉልን ብለው አቤት ሲሉ፣ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየመራ ሲያንገላታቸው ይውላል፤ ደጅ ጥናትን ለሚያውቅ የአገራችን ባለጉዳይ ይህ ትርጓሜ አያሻውም። ዋታናቤ የጨጓራ ነቀርሳ እንዳለበትና ዕድሜው በወራት የሚቈጠር መሆኑን በተረዳ ጊዜ አስቀድሞ ወደ መጠጥና ጭፈራ ይሮጣል፤ ደስታም አያገኝም፤ ኋላ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ወጥታ ለልጆች አሻንጉሊት ከሚሠራ ፋብሪካ የገባች አንዲት ወጣት በሥራዋ ስትደሰት አይቶ፣ ለእርሱም የሚሠራው ነገር እንዳልጠፋ ይገባዋል፤ ተመልሶም የእነዚያን እናቶች ማመልከቻ ከወረቀት ክምር ውስጥ ያወጣል።

ኩሮሳዋ ድንቅ ብልሃቱን የሚያሳየን ከዚህ በኋላ ነው። ፊልሙ ገና ሲሶው ሲቀረው ዋታናቤ ይሞታል፤ የቀረው ሲሶም አብዛኛው በለቅሶ ቤት ውስጥ ያልፋል። መጫወቻው ሜዳ ተሠርቷል፤ ምስጋናውን ሹማምንቱ ወስደውታል። ለቀስተኞቹ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ መጠጥ እየተቀዳላቸው፣ «ይህ ሰው ስለምን እንዲህ ተለወጠ?» እያሉ ይከራከራሉ፤ አንዱ በሽታውን ሳያውቅ ነው ይላል፣ ሌላው አውቆ ነው ይላል፣ አንዱ ሲያሳንሰው ሌላው ያለቅሳል፤ በመጨረሻም አንድ ፖሊስ መጥቶ ሟቹ በሞተበት ሌሊት በዚያው ሜዳ በረዶ እየወረደበት ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ሲያዜም እንዳየው ይነግራቸዋል። ያን ጊዜ ሁሉም ዕንባ እያፈሰሱ እንደ እርሱ ሊሠሩ ይምላሉ። በማግሥቱ መሥሪያ ቤቱ ይከፈታል፤ ባለጉዳይ ይመጣል፤ ወደ ሌላ ክፍል ይመራል። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ በቁጣ ከወንበሩ ይነሣል፤ ሁሉም ባዩት ጊዜ ግን ተመልሶ ይቀመጣል፤ ፊቱም ከወረቀቱ ክምር ጀርባ ይሰወራል።

የክፍል ኃላፊው ወዳጃችን ይህን ፊልም አይቶ ለረዥም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «እኛስ ከእነዚያ ለቀስተኞች በምን እንሻላለን?» ብሎ ጠየቀን። «እነርሱም ተሰብስበው አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው ሲሉ አመሹ፤ አለቀሱ፤ ማሉ። እኔም ሰኞ ጧት ወደዚያው ወንበር እመለሳለሁ፤ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ የማን ማመልከቻ እንዳለ አውቀዋለሁ።» ማንም የመለሰለት አልነበረም፤ ጋሼም «አንድም» አላሉም።

ስለ ሲኒማ ያለኝ ሐሳብ የጸናው በዚያች የዝምታ ሰዓት ነው። በልማዳችን አንድ ፊልም ባየን ጊዜ፣ «መልእክቱ ምንድር ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ «ሌብነት ክፉ ነው»፣ «ወላጅን አክብር»፣ «ሥራህን በትጋት ሥራ» የሚል መልስ ካገኘን በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። እነዚህን ቃላት ግን ሕፃናት ሳለን በአባቶቻችን ጉልበት ሥር ተምረናቸዋል፤ እነርሱን ለመስማት ሁለት ሰዓት በጨለማ መቀመጥ ባላስፈለገም ነበር። የታላቁ ፊልም ጸጋ የምናውቀውን ሕግ የማናውቀው ሰው ፊት ላይ ጽፎ ማሳየቱ ነው፤ ያም ሰው እናቱን በመስኮት አጠገብ ትቶ የሄደው ልጅ ወይም ማመልከቻውን በመሳቢያ የቆለፈው ሹም ሊሆን ይችላል። ሰው ራሱን በገዛ ዐይኑ ለማየት መስተዋት እንደሚያሻው ሁሉ፣ የልቡናውን ነገር ለመናገርም ስለ ሌላ ሰው የሚናገር መስሎ የሚጀምርበት ምክንያት ያሻዋል። ወዳጄ ስለ ሐኪሙ ልጅ መናገር ባይጀምር ኖሮ ስለ እናቱ ባልተናገረም ነበር።

ስለዚህም ነው አንድ ሰው ብቻውን በእጅ ስልኩ ላይ ፊልም ቈራርጦ አይቶ ወደሚቀጥለው ሲዘል ባየሁ ቊጥር የማዝነው። ልጆቻችን ጨርሶ አይመለከቱም ለማለት አልችልም፤ እንዲያውም ከእኛ ይልቅ አብዝተው ይመለከታሉ፤ ነገር ግን የሚያዩትን ሁሉ ለብቻቸው አይተው፣ ለብቻቸው ረስተው ያድራሉ። ንባቡ አለ፤ ትርጓሜው ቀርቷል። ፈጣን የሆነው የዘመኑ ፊልምም ተመልካቹ እንዳይሰለች በየደቂቃው ሌላ ነገር ስለሚያቀርብለት፣ አሮጌው ፊልም ለአሳባችን ይተወው የነበረውን የዝምታ ቦታ ብዙ ጊዜ አይተውም። ኦዙ ባዶውን ክፍል ለጥቂት ጊዜ ሲያሳየን፣ ያ ክፍል የማን እንደ ነበረ እንድናስብ ፋታ መስጠቱ ነው።

ይህ አንድምታ ለባዕዳን ሥራ ብቻ የሚገባ እንዳይመስል ስለ ገዛ ሀብታችንም አንድ ቃል ልጨምር። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በ1976 ለዓለም ያቀረበው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እንደ ዴ ሲካ ፊልም ሁሉ ሙያቸው ትወና ያልሆነ ሰዎች የተጫወቱበት፣ የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ኑሮ በጥቁርና ነጭ ያሳየ ሥራ ነው፤ ከዚያም አስቀድሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማን ነው» የተባለው የአማርኛ ፊልም ታይቷል። እነዚህን ሥራዎች ስማቸውን እንኳ ሳይሰማ ያደገ ወጣት በየሰፈሩ አለ። ስለ ጭሰኛ ሕይወት አንድ ገጽ በቃሉ የሚያጠና ተማሪ፣ የኃይሌን ፊልም ከጓደኞቹ ጋር አይቶ አንድ ሰዓት ቢከራከር፣ አያቱ በማን ማሳ ላይ ምን ተሸክመው እንደ ኖሩ መጠየቅ ይጀምራል።

ስለዚህ አንባቢን የምለምነው ነገር ቀላል ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማኅበርም መመዝገብ አያሻውም። መምህራን በወር አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ አንድ የታወቀ አሮጌ ፊልም ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩ፣ ቤተ መጻሕፍትና የቀበሌ አዳራሾችም ቢያንስ በዓመት ጥቂት ምሽቶችን ለዚህ ቢሰጡ ታላቅ ነገር ነው፤ ይህ ባይሆን ግን ሦስት ወዳጆች፣ አንድ ጀበናና አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን ይበቃሉ። ከፊልሙ በኋላ መብራቱን አብርታችሁ፣ ስልካችሁን አኑራችሁ፣ እያንዳንዱ ሰው «አንድም» ብሎ የየራሱን ሳይናገር አትነሡ። አንዱ የሌላውን ቃል እንዳያሸንፍ ይልቁንም እንዲያሟላ ተጠንቀቁ። ከክርክሩም መካከል አንድ ሰው በድንገት ዝም ቢል ዝም በሉለት፤ ስለ ፊልሙ መናገሩን ትቶ ስለ ራሱ መናገር ሊጀምር ነውና።

የክፍል ኃላፊው ወዳጃችን ከዚያች ማታ ወዲህ ስለ መሥሪያ ቤቱ የነገረን ነገር የለም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ባለፈው ወር ግን ስለ ቤት ካርታ ጉዳይ ወደዚያ የተመላለሱ አንዲት ጎረቤቴ፣ ባለጉዳይ ቆሞ ይውልበት በነበረው መተላለፊያ አዲስ አግዳሚ ወንበር እንዳገኙ፣ የኃላፊውም በር ክፍት እንደ ነበር፣ ለሁለት ዓመት ያጓተታቸው ጉዳይም በዚያው ሳምንት እንዳለቀላቸው አጫወቱኝ። ወዳጄ መሆኑን አልነገርኋቸውም። እስከ ዛሬ ከሰማሁት የ«ኢኪሩ» ትርጓሜ ሁሉ የሚበልጠው ያ አግዳሚ ወንበር ነው።